ጅራፍ መያዝ እረኛ አያሰኝም

በዚህ ዘመን በከተሞቻችን፥ በዐውደ ምሕረትም ሳይቀር፥ አንድ ነገር እየተደጋገመ ይሰማል። ይኸውም፦ «የባሕር ማዶ ሰዎች ሕጋቸው ስለ ላላ፥ ቅጣታቸውም ስለ ሳሳ፥ ተመሳሳይ ፆታን የሚያፈቅሩ ሰዎች በአደባባይ በዓል እስከ ማድረግ ደረሱ፤ እኛ ግን ጅራፋችንን ብናጠነክር፥ የተጠረጠረውንም ሁሉ ብናሳድድ፥ ነገሩ ከደጃችን አይደርስም» የሚል ነው። ይህን ከሚሉት ብዙዎቹ ለሃይማኖታቸው የሚቀኑ ናቸውና መቅናታቸውን አልነቅፍም። ነገር ግን ያለ ዕውቀት የሆነ ቅንዐት ወዴት እንደሚወስድ ሐዋርያው ጳውሎስ ምስክር ነው፤ እርሱ በእስጢፋኖስ መወገር ጊዜ የወጋሪዎቹን ልብስ ይጠብቅ ነበርና።

እንግዲህ ይህ አባባል በሁለት ወገን ስሕተት መሆኑን ለማስረዳት እሞክራለሁ። አንደኛ፥ የታሪክ ስሕተት ነው፤ ጅራፉ በዓሉን አልከለከለውም፥ እንዲያውም ከተኛበት ቀሰቀሰው። ሁለተኛ፥ የሃይማኖት ስሕተት ነው፤ የእረኛ በትር ተኵላን ለማባረር ተሰጠ እንጂ በግን ለመስበር አልተሰጠም።

አንባቢ ነገሬን ወደ ሌላ እንዳይወስደው አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። ቤተ ክርስቲያናችን ስለ ጋብቻ የምታስተምረው የታወቀ ነው፤ እኔም እርሱን ላሻሽል አልተነሣሁም። ክርክሬ «ምን እናስተምር?» ስለሚለው አይደለም፤ «ትምህርቱን በምን እንጠብቀው፥ በቃል ነውን ወይስ በዱላ?» ስለሚለው ነው እንጂ።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። የእንግሊዝን ነገር ስናነሣ በአውሮፓውያን፥ የአገራችንን ስናነሣ በእኛ አቈጣጠር እንናገራለን።

ብራይተን በእንግሊዝ አገር በደቡብ ባሕር ዳርቻ ያለች ከተማ ናት፤ ከሎንዶን እስከ እርስዋ ያለው መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አስቀድሞ የዓሣ አጥማጆች ሰፈር ነበረች። በ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ሪቻርድ ራስል የሚባል ሐኪም የባሕር ውኃ ለበሽተኛ ይጠቅማል ብሎ ስለ ጻፈ፥ ባለጸጎች ለመታጠብ ይወርዱባት ጀመር። በ1783 የዌልስ ልዑል፥ ኋላ ንጉሥ ጊዮርጊስ አራተኛ የተባለው፥ መጥቶ ወደዳትና ቤተ መንግሥት ሠራባት። በ1841 ደግሞ ከሎንዶን የተነሣው የባቡር ሐዲድ ሲገባባት ሀብታሙም ድኻውም በአንድ ቀን ደርሶ የሚመለስባት ሆነች።

ባቡር ምን እንደሚያደርግ ለእኛ ለድሬ ዳዋ ሰዎች ማን ይነግረናል? ከተማችን ራስዋ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ በደረሰ ጊዜ የተወለደች ናት። ባቡር በሚቆምበት ቦታ እንግዳ ይበዛል፤ እንግዳ በበዛበትም ስፍራ፥ በተወለደበት ቀዬ መኖር ያቃተው ሰው መጠለያ ያገኛል። ብራይተንም እንዲሁ በሌላ ስፍራ የተገፉ ሰዎች የሚሰበሰቡባት ከተማ ሆነች። ከእነዚህም ውስጥ ተመሳሳይ ፆታን የሚያፈቅሩ ሰዎች ነበሩ።

የዚያን አገር ሕግ «ላላ» የሚሉ ሰዎች ግን የሕጉን መዝገብ ገልጠው አላዩም። በ1533 በንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ዘመን የወጣው ሕግ በዚህ ነገር የተገኘ ይሙት ይል ነበር። ይህ የሞት ፍርድ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ጸንቶ ኖረ፤ በዚህ ምክንያት መጨረሻ የተሰቀሉት ሁለት ሰዎች በ1835 በሎንዶን ተሰቀሉ፤ የሞቱም ፍርድ በ1861 በእስራት ተለወጠ። በ1885 ደግሞ ሌላ ሕግ ወጣ፤ ይህ በወንዶች መካከል የተደረገውን ሁሉ፥ በዝግ ቤትም ቢሆን፥ በእስራት የሚያስቀጣ ነበር። ጸሐፊው ኦስካር ዋይልድ በ1895 ሁለት ዓመት ከከባድ ሥራ ጋራ የተፈረደበት በዚህ ሕግ ነው። ሕጉም በሕዝቡ ዘንድ ያተረፈው ስም «የአስፈራርቶ በሊታዎች ደብዳቤ» የሚል ሆነ፤ ምስጢር የያዘ ክፉ ሰው ሁሉ «ገንዘብ አምጣ፥ አለዚያ እከስሃለሁ» እያለ ይበላበት ነበርና።

አላን ቱሪንግ የተባለውን የሒሳብ ሊቅ ደግሞ እናስታውስ። ይህ ሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመኖችን የምስጢር ጽሑፍ ከፈቱት ሊቃውንት አንዱ ነበረ፤ አገሩን ያዳነ ሰው ነው ማለት ይቻላል። በ1952 በዚሁ ሕግ ተከሶ ተፈረደበት፤ ከወኅኒ ይልቅ ሰውነቱን የሚለውጥ መድኀኒት መወጋትን መረጠ፤ በ1954 ገና 41 ዓመቱ ሳለ ሞተ። መንግሥቱ ይቅርታ ያደረገለት በ2013 ነው፤ በ2021ም መልኩን በ50 ፓውንድ የገንዘብ ወረቀት ላይ አተሙት። የሞተ ሰው ግን ወረቀት አይቈጥርም። «ሕጋቸው ላላ» የሚል ሰው ከሞት ፍርድ የሚጠነክር ምን ሕግ ሊያመጣ ነው? ሦስት መቶ ዓመት የገደሉበት ነገር ካልጠፋ፥ እኛ በምን ብልሃት በጩኸት ልናጠፋው ነው?

በ1957 ሕጉ እንዲሻሻል አንድ የመንግሥት ጉባኤ መክሮ ባቀረበ ጊዜ ነገሩ ዐሥር ዓመት አከራከረ። በዚያ ክርክር ውስጥ ለእኛ ለካህናት ትምህርት የሚሆን አንድ ሰው አለ፤ ይኸውም የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ማይክል ራምሴ ነው። ይህ ሊቀ ጳጳስ ድርጊቱን ኀጢአት ነው ከማለት አልተመለሰም፤ ነገር ግን ኀጢአት ሁሉ ወንጀል አይደለም፥ ፖሊስም የንስሐ አባት አይደለም የሚለውን ሐሳብ ይዞ ሕጉ እንዲሻሻል ደገፈ። በ1967ም በእንግሊዝና በዌልስ 21 ዓመት የሞላቸው ወንዶች በገዛ ፈቃዳቸው በስውር የሚያደርጉት ነገር ከወንጀል ወጣ። የእርሱ ቤተ ክርስቲያንና የእኛ አንድ አይደሉም፤ ግን ኀጢአትን ከወንጀል መለየት ከእርሱ በፊትም የአባቶቻችን ልማድ ነበር። ስለ ቍጣና ስለ ቅንዐት፥ ስለ ሐሜትና ስለ ስስት ቀኖና እንሰጣለን እንጂ ዘብ አንጠራም።

በዓሉ እንዴት ተጀመረ? በ1969 በሰኔ ወር በአሜሪካ በኒው ዮርክ ስቶንዎል በሚባል መጠጥ ቤት ፖሊሶች ገብተው እንደ ልማዳቸው ሊይዙ ሲሉ፥ እዚያ የነበሩት ሰዎች አንያዝም ብለው ተነሡ። በዓመቱ ያን ቀን ለማሰብ በኒው ዮርክ ጎዳና ሰልፍ አደረጉ፤ በ1972 በሎንዶን ተከተሉ፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት ጥቂት ሰዎች በብራይተን ሰልፍ ወጡ፤ በ1973 በሐምሌም የመጀመሪያው «ፕራይድ»፥ በእኛ ቋንቋ የኩራት በዓል የሚባለው፥ በብራይተን ተደረገ። የተገኙትም ጥቂቶች ነበሩ።

አሁን አንባቢ ልብ ይበል። ከ1973 በኋላ በብራይተን ያ በዓል ቀረ። ዓመት ዓመትን እየተካ እስከ 1991 ድረስ፥ ዐሥራ ስምንት ዓመት ያህል፥ አልተደረገም። ማንም ጅራፍ አላነሣበትም፤ ራሱ ተኛ። ታዲያ ማን ቀሰቀሰው?

የቀሰቀሰው ሕግ ነው። በ1988 በጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር ዘመን ስለ አካባቢ አስተዳደር በወጣው ሕግ ውስጥ አንቀጽ 28 የተባለ ቃል ገባ። የከተማ አስተዳደሮች ተመሳሳይ ፆታን ማፍቀርን የሚያስፋፋ ነገር እንዳያሳትሙ፥ በትምህርት ቤቶቻቸውም እንደ ቤተሰብ ኑሮ ተቈጥሮ እንዳይሰበክ የሚከለክል ነበር። ያወጡት ሰዎች ዝም እናሰኛለን ብለው ነበር። ነገሩ ግን ተገለበጠ። ሕጉ ገና ሳይጸና በማንቸስተር ከተማ ወደ 20 ሺህ የሚገመት ሕዝብ ለተቃውሞ ወጣ፤ በብራይተንም ሰዎች ይህንኑ አንቀጽ ለመቃወም ማኅበር አቆሙ፤ የተረሳውም በዓል በ1991 እንደ ገና ተነሣ። የአገራችን ሰው «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» ይላል። በብራይተን የሆነው ይኸው ነው፤ ጩኸቱን ያመጣው ጅራፉ ነው።

ከዚያ በኋላ በዓሉ በየዓመቱ በነሐሴ መጀመሪያ፥ በእኛ በሐምሌ መጨረሻ፥ ከባሕሩ ዳር ተነሥቶ ፕሬስተን ወደሚባለው ሰፊ መናፈሻ የሚሄድ ታላቅ ትርኢት ሆነ። ያ አንቀጽ 28 በስኮትላንድ በ2000፥ በእንግሊዝና በዌልስም በ2003 ተሻረ፤ በዓሉ ግን ከሕጉ በላይ ኖረ። በ2011 በመናፈሻው አጥር ታጥሮ በቲኬት የሚገባበት ሆነ፤ በ2018 ዝነኛዋ ዘፋኝ ብሪትኒ ስፒርስ መጥታ ዘፈነችበት፤ በ2020ና በ2021 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሳይደረግ ቀረ፤ ኋላም ቀጠለ። ዛሬ በዚያች ከተማ ሆቴሉ፥ ባቡሩ፥ መጠጥ ሻጩ ሁሉ የሚጠብቀው ገበያ ነው። እንዲያውም «ከተቃውሞ የተወለደው በዓላችን ወደ ንግድ ተለወጠ» ብለው የሚያዝኑ ከባለቤቶቹ መካከል አሉ። እንግዲህ ታሪኩ ይህ ነው፤ ጥቂቶች ጀመሩት፥ ተኛ፥ ሕግ ቀሰቀሰው፥ ገበያ አሳደገው። «የላላ ሕግ ወለደው» የሚለው ቃል በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታው የት ነው?

«ቢሆንም ስሙ ራሱ ኩራት ነው፤ ኩራት ደግሞ የሰይጣን ውድቀት ነው» የሚል ተከራካሪ እንደሚነሣ ዐውቃለሁ። የቅኔ ተማሪ ቃል ሳይመዝን አይፈርድምና ቃሉን እንመዝነው። አማርኛችን «ኩራት»ንና «ትዕቢት»ን ይለያል። ልጁ ዲቁና የተቀበለለት አባት ኰራ እንላለን እንጂ ታበየ አንልም። ሐዋርያውም ትምክሕትን በሁለት ከፍሎ፥ በራስ መመካትን ነቅፎ በጌታ መመካትን አመስግኗል። እነዚያም ሰዎች ስሙን የመረጡት ከሌላው በላይ ነን ለማለት አይደለም፤ «እፈሩ፥ ተሸሸጉ» ለሚላቸው መልስ ለመስጠት ነው። በዓሉን አለመውደድ ይቻላል፤ የተናጋሪውን ቃል እርሱ ካላሰበው ትርጓሜ ጋራ አስሮ መፍረድ ግን ፍርድ አይደለም።

መጽሐፍ ትዕቢትን ከሰዶም ጋራ የሚያያይዝበት ስፍራ ደግሞ አለ፤ ይኸውም ትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 16 ነው። ነቢዩ የሰዶምን በደል ሲቈጥር ትዕቢትን፥ እንጀራ ጠግቦ ተዘልሎ መቀመጥን፥ የድኻውንና የችግረኛውን እጅ አለማበርታትን ያነሣል፤ ከዚያም ርኵሰትን ይጨምራል። የይሁዳ መልእክት ስለ ዝሙታቸው እንደሚናገርም አልሰውርም፤ ምስክርን ከፍሎ ማቅረብ የሊቅ ሥራ አይደለምና። ነገር ግን እኛ የሰዶምን ታሪክ ስናነሣ የምንይዘው ሰሙን ብቻ ነው፥ ወርቁን ትተነዋል። ዘፍጥረት ምዕራፍ 19ን እንመልከት። ሁለት እንግዶች ወደ ከተማይቱ ገቡ፤ ሎጥ ተቀበላቸው፤ የከተማው ሰው ከብላቴና እስከ ሽማግሌ በሩን ከበበና «አውጣቸው» አለ። ኀይልን በእንግዳ ላይ ማንሣት፥ ተሰብስቦ በር መስበር፥ ይህ የሰዶም መልክ ነው። ጌታችንም ደቀ መዛሙርቱን ሲልክ ሰዶምን ያነሣባት ከተማ መልእክተኞቹን የማትቀበለዋን ነው።

ይህን ይዘን ወደ አገራችን እንመለስ። በ2011 ዓ.ም. ቶቶ ቱርስ የተባለ፥ በአሜሪካ በቺካጎ የሚገኝ፥ ተመሳሳይ ፆታን የሚያፈቅሩ መንገደኞችን የሚያስጐበኝ ድርጅት ላሊበላንና ባሕር ዳርን ለማየት ጕዞ እንዳሰበ ተሰማ። አንዳንድ የቤተ ክርስቲያን ማኅበራት መንግሥት እንዲከለክል ጠየቁ፤ መጠየቅ መብታቸው ነው። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ለድርጅቱ የጥላቻ ቃልና ዛቻ ደረሰው፤ ይመጣሉ የተባሉት እንግዶች ጕዳት እንዲያገኛቸው የሚመኝ ቃልም በብዙ አፍ ተነገረ። እጠይቃለሁ፤ እንግዳ ሲመጣ በሩን ከብቦ የጮኸው በዘፍጥረት ማን ነበር? በሩንስ ዘግቶ እንግዳውን የጠበቀው ማን ነበር? ሰዶምን እቃወማለሁ ብሎ የሰዶምን ሰዎች ቦታ የያዘ ሰው ከዚህ የከፋ ምን ሊሆን ይችላል? የላሊበላ ደብሮች ለማየት የሚመጣውን ሁሉ «ኀጢአትህ ምንድር ነው?» ብለው ቢጠይቁ ኖሮ፥ ከእኛስ በደጃቸው የሚያልፍ ማን ነበር?

ነገሩ በእንግዶች ብቻ አልቆመም። በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. የየሃይማኖቱ አለቆች ተሰብስበው ክልከላው በሕገ መንግሥት እንዲጻፍ ጠየቁ፤ ሆኖም የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ነገሩን አስቀድሞ በእስራት ያስቀጣ ነበር። በ2006 ዓ.ም. በዚህ የተፈረደበት ሰው ከይቅርታ ውጭ እንዲሆን ታስቦ ኋላ ተተወ፤ በሚያዝያ ወር ታስቦ የነበረውም ሰልፍ ሳይደረግ ቀረ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ግን በአዲስ አበባ በሆቴሎችና በመጠጥ ቤቶች ፍተሻ እንደሚደረግ፥ ሕዝቡም ጥቈማ እንዲሰጥ ተነገረ፤ በቲክቶክም የሰዎችን ፊት እያሳዩ «ምቱ፥ ግደሉ» የሚሉ ሰዎች ታዩ። ሕግ ማውጣትና መሻር የመንግሥት ነው። ፊትን አሳይቶ «ግደሉ» ማለት ግን ከአሥሩ ቃላት አንዱን መጣስ ነውና፥ ይህ የእኛ የካህናት ጕዳይ ነው። በዚያን ጊዜ «አትግደል» ብሎ በዐውደ ምሕረት የተናገረ ስንት ነው?

የጥቈማንም ፍሬ እናስብ። ጥቈማ ምስክር አይጠይቅም፤ ቂም ብቻ ይበቃዋል። የድንበር ጠብ ያለው ጎረቤት፥ ብድር መክፈል ያቃተው ባለ ዕዳ፥ በሥራ የተቀደመ ባልንጀራ፥ አንዲት ቃል ወርውሮ የሰውን ኑሮ ሊያፈርስ ይችላል። ኦሪት በሁለትና በሦስት ምስክር ቃል ነገር ይጸናል ስትል፥ ፍትሐ ነገሥትም ስለ ምስክርና ስለ ዳኛ ጠባይ ሲያረዝም፥ ይህን ክፋት ዐውቀው ነው። ልብሱ ያማረ፥ ድምፁ የቀጠነ፥ ሳያገባ የቈየ ሁሉ «እርሱ ነው» መባል ከጀመረ፥ ሳያገቡ የኖሩትን መነኮሳቱን ማን ይምርልን? የእንግሊዞቹ «የአስፈራርቶ በሊታዎች ደብዳቤ» በእኛም ከተማ እንዲጻፍ እንፈልጋለንን?

ከዚህም የሚበልጥ ጕዳት አለ። ዐውደ ምሕረቱን በዛቻ የሞላ ካህን የንስሐ በሩን በገዛ እጁ ዘጋ። ልቡ የተጨነቀ ወጣት፥ ልጄ ምን ሆነብኝ ብላ ሌሊት የምታለቅስ እናት፥ ወደ ማን ይሂዱ? ወደዚያ ወደሚጮኸው ሰው ይሄዳሉን? አይሄዱም፤ ይሸሸጋሉ። የታመመውም ይታወቅብኛል ብሎ ከሐኪም ይሸሻል። የተስፋ መቍረጥ መጨረሻው ምን እንደሆነ ደግሞ ገመድ ያየ ቤተሰብ ያውቃል። እነዚህ ሰዎች ከባሕር ማዶ የመጡ አይደሉም፤ በእኛ ቄስ የተጠመቁ፥ ክርስትና አባትና እናት ያላቸው፥ በእኛ ማኅሌት ያደጉ ልጆች ናቸው። እረኛ ከመቶው አንዱ ሲጠፋበት ዘጠና ዘጠኙን ትቶ ይፈልጋል የተባለው ለምን ነበር? ሲያገኘው ሊደበድበው ነውን? በትከሻው ተሸክሞ ሊመልሰው ነው እንጂ።

ደግሞም የሚገርመኝ ነገር አለ። ጕቦ የሚበላ ዳኛ፥ ሚዛን የሚያጐድል ነጋዴ፥ የትዳሩን አልጋ የሚያረክስ ባለጸጋ፥ ለአቅመ ሔዋን ያልደረሰችን ልጅ የሚድር አባት በመካከላችን ሞልተዋል። ስለ እነዚህ ግን ድምፃችን ዝግ ይላል፤ ከእነርሱም አንዳንዱ በጉባኤው ፊት ወንበር ይቀርብለታል። ጕልበት የሌለውን አግኝቶ መጮኽ ጥብዓት አይደለም። ዮሐንስ መጥምቅ የዘለፈው ሄሮድስን ነው፤ አንገቱንም የሰጠው ለዚህ ነው። እኛ ግን ቀላሉን መርጠን ስሙን ቅንዐት አልነው።

አብርሃም ስለዚያች ስለ ሰዶም በእግዚአብሔር ፊት ምን አደረገ? ከአምሳ ጀምሮ እስከ ዐሥር ድረስ እየቀነሰ ማረኝ፥ ማርልኝ እያለ ተከራከረላት። የእምነት አባት የተባለው ሰው ስለ ኀጢአተኛ ከተማ ጠበቃ ሆነ። ዮናስ ግን ነነዌ ስለ ዳነች ተቈጣና ተወቀሰ። እኛም በየዓመቱ ጾመ ነነዌን እየጾምን የዮናስን ቍጣ ከያዝን ጾሙ ምን ጠቀመን?

ስለ ራሳችን ስለ ኢትዮጵያውያን ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ከአገራችን ሰዎች በመጽሐፍ ተጽፎ ለመጠመቅ ቀዳሚ የሆነው ጃንደረባው ነው። ኦሪት ዘዳግም እንደ እርሱ ያለው ሰው ወደ ማኅበር አይግባ ይል ነበር፤ ኢሳይያስ ግን ቃል ኪዳኔን ለሚጠብቁ ጃንደረቦች ከልጆች የሚበልጥ ስም እሰጣለሁ ይላል ጌታ ብሎ ተስፋ አስገባ። ጃንደረባው የሚያነበው ይህንኑ ኢሳይያስን ነበር። ፊልጶስ በጋዛ መንገድ ሲያገኘው ስለ ሰውነቱ አልመረመረውም፥ ከሠረገላውም አላወረደውም፤ ሮጦ ደረሰበት፥ ከጐኑ ተቀመጠ፥ መጽሐፉን ተረጐመለት። ይህን ስል ጃንደረባነትና ዛሬ የምንከራከርበት ነገር አንድ ነው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን አይግባ ከተባለ ሰው ጋራ በአንድ ሠረገላ የተቀመጠ ሐዋርያ ባይኖር፥ የእኛ ጥምቀት ታሪኩ ከየት ይጀምር ነበር?

እኛ በመልካ ጀብዱ የምንኖር ሰዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። «መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። መሻገሪያ ላይ የሚኖር ሰው የሚሻገረውን እጁን ይዞ ያሻግራል እንጂ «ማን ነህ?» እያለ ወደ ውኃው አይገፋም። በአንድ ሰፈር የአዛን ድምፅና የቤተ ክርስቲያን ደወል ሰምተን፥ በቋንቋና በሃይማኖት ተለያይተን፥ በለቅሶና በሠርግ ተገናኝተን የምንኖረው፥ ያልተስማማነውን ሁሉ በዱላ እናስተካክል ስላላልን ነው። ይህ ልማድ ዛሬ ለአንዱ ወገን ከፈረሰ፥ ነገ ለሌላው እንደሚፈርስ አንጠራጠር። ሕዝብን ተሰብስቦ በር መስበር ያስተማረ ሰው፥ የሚቀጥለውን በር እርሱ አይመርጠውም።

ስለዚህ፥ አባቶቼና ወንድሞቼ ሆይ፥ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። ትምህርታችሁን አስተምሩ፥ ዛቻን ግን ከአፋችሁ አርቁ፤ በዐውደ ምሕረት የተነገረ ዛቻ በሌሊት የማን ዱላ እንደሚሆን አታውቁምና። ሐሜትን በምስክር ቦታ አታስቀምጡ፤ ስሙ የተነሣበትንም ሰው ከመንጋ እጅ አስጥሉ፥ ከዚያ በኋላ ለመምከር ጊዜ ይኖራል። የንስሐን በር ክፍት አድርጉ፤ የሚመጣው ሰው የሚነግራችሁ ምንም ቢሆን፥ ሲወጣ ከገባበት ይልቅ ልቡ ቀልሎት እንጂ ለሞት ተጨንቆ እንዳይወጣ።

የብራይተን ታሪክ ለሚሰማ ሰው ይናገራል፤ ሦስት መቶ ዓመት ገመድ፥ ከዚያም የመቶ ዓመት ወኅኒ፥ ኋላም የዝምታ ሕግ ተሞክሮ፥ የተገኘው ፍሬ አንድስ እንኳ የዳነ ነፍስ አይደለም። ወንጌል ግን ይህን ሁሉ አልሞከረም፤ እረኛው በጎቹን በስማቸው ይጠራል፥ እነርሱም ድምፁን ያውቃሉ አለ እንጂ።

በጅራፍ የነዱት በግ ሲመሽ ይጠፋል፤
በስሙ የጠሩት ግን ከሩቅ ይሰማል።